ምላስና ይሉኝታ፤ ስለ ጠጅ ቀማሽነት

መቅመስ ከመጠጣት የተለየ ሥራ ነው። የሚጠጣ ሰው ጥሙን ለመቁረጥ፣ ወይም ልቡን ለማስደሰት፣ ወይም ከወዳጁ ጋር ለመጫወት ይጠጣል፤ የሚቀምስ ሰው ግን ለማወቅ ይቀምሳል። የመጀመሪያው ብርሌውን ባዶ ሲያደርግ ጉዳዩ ያልቃል፤ የሁለተኛው ጉዳይ የሚጀምረው ብርሌውን ካስቀመጠ በኋላ ነው። የቀመሰው ነገር ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ቀን እንደሰነበተ፣ ምን እንደጎደለውና ምን እንደበዛበት ለራሱ መናገር አለበት፤ ቢጠየቅ ደግሞ ለሌላው።

በዓለም ላይ ይህን ሥራ እንጀራቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። ቡና ቀማሹ ከማንኪያው ላይ በኃይል ፉት ብሎ፣ በአፉ ውስጥ አንከባሎ፣ ይተፋዋል። ወይን ቀማሹም እንዲሁ ያደርጋል። በሃቫና የሲጋር ፋብሪካዎች የሚሠሩት ቀማሾች ደግሞ ለፍርድ የቀረበላቸውን ሲጋር እስከ መጨረሻው አያጤሱም፤ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አጢሰው የጢሱን አሳሳብ፣ የእሳቱን አነዳድ፣ መዓዛውንና ኃይሉን ከመዘኑ በኋላ አፋቸውን ስኳር በሌለው ሻይ አለቅልቀው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር ለደስታ የተሠራን ነገር ከደስታው ለይተው መመርመራቸው ነው።

እንዲህ ያለው ጥበብ በእኛ ደጋ አገር በትንባሆ ዙሪያ አልበቀለም። ትንባሆን ቤተ ክርስቲያን ስትነቅፈው ኖራለች፤ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በጽኑ ቅጣት ይከለክሉት እንደነበር ይታወቃል። ስለዚህ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር የትንባሆን ቅጠል በአፍንጫው የሚመዝን ሊቅ ቢፈለግ አይገኝም። በዚህ አገር የሰው ምላስ የሠለጠነው በማር ነው፤ ከማርም በሚወጣው በጠጅ።

እኔ ጠጅ ቀማሽ ነኝ። ሹመት አይደለም፤ ደመወዝም የለውም። አንዱ ቴምብር እየሰበሰበ፣ ሌላው የአዕዋፍን ድምፅ እየለየ እንደሚደሰት ሁሉ፣ እኔም በገበዝ ማርያምና በአካባቢው ገጠር፣ እስከ ቡሬና እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ፣ በሰርግም በማኅበርም በጠጅ ቤትም የቀመስሁትን እያስተያየሁ በልቤ መዝገብ እይዛለሁ። ለፍርድ ስቀምስ ከግማሽ ብርሌ አላልፍም፤ ከዚያ በኋላ የሚፈርደው ምላስ ሳይሆን ሞቅታ ነውና። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል መዝናኛ ይመስላል። ይሁን እንጂ በውስጡ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰው በአክብሮት ባቀረበልን ነገር ላይ እውነተኛ ፍርድ መስጠት ይገባናል ወይ? የሚል ነው። ቡና ቀማሹ የቀመሰውን ሊተፋ ይችላል። በጎጃም ገበሬ ቤት ግን የተቀዳልህን መትፋት ቀርቶ ፊትን ማጨማደድ እንኳ ባለቤቱን መስደብ ነው።

ጥያቄውን ለመመርመር በመጀመሪያ የሚፈረድበትን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የጠጅ ጉዳይ ከጋኑ በፊት በማሳው ላይ ይጀምራል። በምዕራብ ጎጃም ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባ ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ ከእርሱም ጋር ኑጉ በየማሳው ቢጫ ይሆናል። ንቦቹ በእነዚህ ወራት የሰበሰቡት ማር በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። የኑግ አበባ የበዛበት ማር ቢጫነት አለው፤ ፈጥኖም ይረጋል። በበልግ ዝናብ ከሚያብቡት ዛፎች የሚገኘው የግንቦትና የሰኔ ማር ደግሞ ሌላ መልክና ሌላ ጠረን ይይዛል። ግራዋ የበዛበት ማር ጠቆር፣ መረር ይላል። እንግዲህ ጠጅ ስንቀምስ የምንቀምሰው አንድ መጠጥ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ወረዳን አበባና የአንድ ዓመትን ዝናብ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ስትሆን ከምርቷ አብዛኛው የሚውለው ለጠጅ ነው። ጥንት ማር በጉንዶ እየተለካ ይገበር እንደነበር፣ ጠጅም በአመዛኙ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ሆኖ ጠላ ለገበሬው ይቀር እንደነበር ስናስታውስ፣ ዛሬ አንዲት የገጠር ሴት በሰርጓ ዕለት ጠጅ ማቅረቧ ራሱ የታሪክ ለውጥ መሆኑን እንረዳለን።

ከዚያም ባለሙያዋ ትመጣለች። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ቀጥሎም በወይራ ጢስ ይታጠናል። አንድ እጅ ማር በሦስት፣ ወይም በአራት፣ ወይም በአምስት እጅ ውኃ ይበጠበጣል፤ የጋኑም አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይታሰራል። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ የተንሳፈፈው ሰፈፍ ይገፈፋል። ብርዙ ተከፍሎ ከጌሾ እንጨት ጋር ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝም ወደ ጋኑ ይመለሳል። በቆላ በሳምንት ውስጥ ሊደርስ ይችላል፤ በደጋ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ሲደርስ ጌሾው ወጥቶ ጠጁ ይጠለላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ መለኪያዋ እጇ፣ ሰዓቷ ጆሮዋ ነው፤ የጋኑን አፍ ጠጋ ብላ ድምፁን እየሰማች ፍላቱ መብረድ አለመብረዱን ታውቃለች። ከእነዚህ እርምጃዎች ውስጥ በአፍ ላይ ምልክቱን ሳይተው የሚያልፍ አንድም የለም።

ቀማሹ እነዚህን ምልክቶች ወደ ኋላ እየተከተለ ይሄዳል። በመጀመሪያ ዓይን ይመለከታል። መልካም ጠጅ ወርቅማ ቢጫ ነው፤ ትንሽ ደፍረስ ማለቱ ነውር አይደለም። እንደ ቀለም የሚያበራ ብጫነት ግን እርድ የተጨመረበት እንዳይሆን ያጠራጥራል። ቀጥሎ አፍንጫ ይጠጋል። የብርሌ አንገት ጠባብ መሆኑ ለቀማሽ የተሠራ ያስመስለዋል፤ መዓዛውን ሰብስቦ ያቆየዋልና። መጀመሪያ የሚመጣው የወይራው ጢስ ነው፤ ከበስተኋላው ማሩ፣ በመጨረሻም የጌሾው የእንጨት ሽታ ይከተላል። ጢሱ ቀድሞ ገብቶ አልወጣም ካለ እጣኑ በዝቷል ማለት ነው። ከዚያ ምላስ ይፈርዳል። በጥሩ ጠጅ ውስጥ ጣፋጭነት፣ ምሬትና ኮምጣጣነት እንደ ሦስት ወንድማማቾች ተስማምተው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን ሲውጥ ቤቱ ይታወካል። በመጨረሻ የሚፈርደው ጉሮሮ ነው። የማር ጣፋጭነት ከተዋጠ በኋላ ቀስ ብሎ ይሸሻል፤ የስኳር ጣፋጭነት ግን፣ በእኔ ምላስ ልምድ፣ ምላስ ጫፍ ላይ ብልጭ ብሎ ወዲያው ይጠፋል፤ ትቶት የሚሄደውም መዓዛ የለም። የነገው ጧት ራስ ምታትም እንደ መጨረሻ ምስክር የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፤ የአገሬው ሰው ከማር ጠጅ ይልቅ የስኳሩን ጠጅ በዚህ ይከስሰዋል።

የሳይንስ ሰዎችም በዚህ ጉዳይ ላይ ደክመዋል። የጌሾ ቅጠል መራራነት ከምን እንደሚመጣ ሲመረመር የተገኘውን ንጥረ ነገር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ጌሾይዲን ብለውታል። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሞገሴ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት የጠጅ ይዘት ከቤት ቤት ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤት ውስጥም ከአንዱ ጊዜ ወደ ሌላው ጊዜ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይተዋል። ይህ የመጨረሻው ግኝት ለቀማሽ ታላቅ ትርጉም አለው። ጠጅ እንደ ፋብሪካ ዕቃ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ቀማሽ ባላስፈለገ ነበር። የሚለያይ ከሆነ ግን ልዩነቱን የሚያውቅና የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

መቅመስ በእኛ ዘንድ አዲስ ነገርም አይደለም። በመኳንንት ቤት ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጥቂት ጠብ አድርጎ በመጠጣት ከመርዝ ንጹሕ መሆኑን ያረጋግጥ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስም ነህምያ ለፋርስ ንጉሥ ለአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ እንደነበር እናነባለን። ይሁን እንጂ የአሳላፊው ቅምሻ ስለ ሕይወትና ስለ ሞት እንጂ ስለ ጣዕም የሚፈርድ አልነበረም። ስለ ጣዕም የፈረደው ሌላው፣ በየዓመቱ ጥር 12 ቀን በምናከብረው በቃና ዘገሊላ ታሪክ ውስጥ ያለው አሳዳሪ ነው። ይህ ሰው የቀረበለት ከየት እንደመጣ አላወቀም፤ የሚያውቁት ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ብቻ ነበሩ። ምንጩን ሳያውቅ ቀመሰ፤ የኋለኛው ከፊተኛው እንደሚበልጥ ለየ፤ ሙሽራውንም ጠርቶ ነገረው። ታሪኩ ስለ ተአምሩ እንጂ ስለ ቀማሹ የተጻፈ አይደለም፤ ሆኖም የጥሩ ቀማሽ ሕግ በሙሉ በእርሱ ውስጥ አለ። የማን ቤት እንደሆነ ሳይመለከቱ መቅመስ፣ ከቀመሱም በኋላ ለሚመለከተው ሰው መናገር።

በእኛ ሰርግ ላይ ይህ ሁለተኛው ሕግ ነው የሚከብደው። እንግዳ የቀረበለትን ያመሰግናል፤ ጠጁ ቢኮመጥጥም «እጅሽ ይባረክ» ይላል። ይህን ይሉኝታ አልንቅም። ድሀዋ ሴት ያላትን አሟጥጣ ስታቀርብ ከጣዕሙ ይልቅ ድካሟን ማየት የሰውነት ወግ ነው። ነገር ግን ይሉኝታ ያልታሰበ ዋጋ ያስከፍላል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ምስጋና የሚሰጥ አገር ባለሙያዋንና አታላዩን አንድ ያደርጋል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስኳር በአገር ውስጥ እየተመረተ ወደ ገበያ ወጥቷል፤ የማር ዋጋ በናረ ቁጥር ስኳር ወደ ጋኑ መግባቱ አልቀረም። በስኳር የጣለችው ሴት በርካሽ ትጥላለች፣ ፈጥና ታደርሳለች፣ የማሩን ዋጋ ጠይቃ ትሸጣለች፤ «እጅሽ ይባረክ» የሚለውንም እኩል ትቀበላለች። ታዲያ በማር የምትጥለዋ ስለ ምን ትድከም?

ይህን ጥያቄ ከአንዲት ባለሙያ አፍ ሰምቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጥር ሰርግ ላይ ሁለት ጋን ጠጅ ተከፍቶ ነበር። አንደኛው ከነጋዴ የተገዛ ነው፤ ሁለተኛውን የሙሽራው አክስት፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ከራሳቸው ቀፎ ማር ጥለውት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያለው እንግዳ የተገዛውን አበለጠ፤ ለስላሳና ጣፋጭ ነበርና። የአክስትየው መረር ይል ነበር። አንድ ሽማግሌ ሁለት ብርሌ አስቀርበው፣ «አንተ ታውቃለህ ይሉሃልና እስቲ ፍረድ፣ ልጄ» አሉኝ። ሴትዮዋ ከበስተኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር።

ቀመስሁ። የመጀመሪያው ነውር የሌለበት ሐሰት ነበር፤ ሁለተኛው ነውር ያለበት እውነት። በመጀመሪያው ውስጥ ማር ለስም ያህል እንጂ አልነበረም፤ በሁለተኛው ውስጥ የኑጉ ማር በሙሉ መዓዛው ቁጭ ብሏል፤ ነገር ግን ጌሾው ከሚገባው ጊዜ በላይ ስለሰነበተ ምሬቱ ማሩን ተጭኖታል። የቤቱን ድግስ ማበላሸት አልፈለግሁም፤ መዋሸትም አልፈለግሁም። ጎጃም የዋሸራ አገር ነው፤ ቅኔ ያስተማረው ሕዝብ ደግሞ እውነትን ጠቅልሎ ማቀበል ያውቃል። «አባቴ፣» አልሁ፣ «ይህኛው ለዛሬ ማታ ጥሩ ነው፤ ያኛው ደግሞ ነገ ጧትም ይመሰገናል።» ሽማግሌው ሳቁ፤ ያልገባቸውም አብረው ሳቁ። ሰሙ ለድንኳኑ፣ ወርቁ ለሴትዮዋ ነበር።

ሴትዮዋ ግን ወርቁ ብቻውን አልበቃቸውም። ሰው ሲቀል ከጓዳው በር ላይ ጠርተው፣ «በል እንግዲህ በግልጽ ንገረኝ፤ የኔ ምን ሆነ?» አሉኝ። «እማማ፣ ማሩ እንከን የለውም፤ ጌሾው ሁለት ቀን ቀድሞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በዚህ አካባቢ የሚስተካከለው አይገኝም ነበር» አልኋቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ፣ «የሚያመሰግነኝ ሞልቷል፤ የጎደለውን የሚነግረኝ ነው ያጣሁት» አሉ። ቀጥለውም ያንን ጥያቄ ጠየቁ፤ «እኔስ በስኳር ብጥለው ማን ያውቅብኛል? ማሩን ፍኖተ ሰላም ወስጄ ብሸጠው ይሻለኝ የለምን?» መልስ አልሰጠኋቸውም፤ የማሩን ዋጋ የሚከፍሉላቸው ሰዎች እኔ አልነበርሁምና። በዓመቱ በሌላ ድግስ ላይ ሳገኛቸው ግን መልሱን ራሳቸው ሰጥተውት ነበር። አንዱን ጋን ለብዙው እንግዳ ስኳር ቀላቅለው ጥለዋል፤ አንዱን ትንሽ ጋን ደግሞ ከማር ብቻ ጥለው በጓዳ አስቀምጠዋል። ከትንሹ ጋን ቀዱልኝ። ጌሾው በጊዜው ወጥቶ ነበር።

ይህን መልስ ድል ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሽንፈት ነው ለማለትም አልችልም። አንድ ሙያ ከድንኳን ወጥቶ ጓዳ መግባቱ ያሳዝናል። ሆኖም በጓዳ ያለ ነገር አልጠፋም፤ ጠያቂ ሲመጣ ሊወጣ ይችላል። ጠያቂው እንዲመጣ ደግሞ ጠጪው የሚጠጣውን የሚለይበት ቃል ያስፈልገዋል። በየጠጅ ቤቱ ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ የሚሉት ሦስት ስሞች አሉ፤ መልካም መነሻዎች ናቸው። ከእነርሱ ጎን ባለሙያዎቹ በመካከላቸው የሚነጋገሩባቸው አሉ፦ ገና ልጅ የሆነ ጠጅ፣ የሰከነ፣ ጌሾ የገነነበት፣ ጢስ የበዛበት፣ ውኃ ያሸነፈው፣ መኮምጠጥ የጀመረው። እነዚህ ቃላት ከጓዳ ወጥተው ወደ ገበታው ቢመጡ ስድብ መሆናቸው ቀርቶ ዕውቀት ይሆናሉ። ቡናችን ወደ ውጭ አገር ከመላኩ በፊት በቀማሾች ምላስ ደረጃ ይወጣለታል፤ ገበሬውም በዚህ አይሰደብም። ለጠጃችን እንዲህ ያለ ወግ ብንሠራለት የሚጠቀሙት በማር የሚጥሉት ባለሙያዎችና ንብ የሚያነቡት ገበሬዎች ናቸው።

ገበዝ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ሹም የንዋየ ቅድሳቱ ጠባቂ ነው። ዕቃው የእርሱ አይደለም፤ አይሸጠውም፣ አይለውጠውም፤ ነገር ግን የትኛው ወርቅ የትኛው ናስ እንደሆነ ማወቅ፣ ሲጠየቅም በእውነት መመስከር አለበት። ቀማሽነትንም እኔ የማየው እንዲሁ ነው። ጠጁ የባለሙያዋ ነው፤ ማሩ የገበሬው፣ አበባው የመሬቲቱ ነው። የቀማሹ ድርሻ የሆነውን እንደሆነው መመስከር ብቻ ነው፤ በአደባባይ በለዘበ ቃል፣ በጓዳ በር ላይ ደግሞ በግልጽ። የሰውን ድካም የሚያከብር ሰው ድካሙ ምን እንዳፈራ ለይቶ ለማወቅ ጊዜ ይሰጣል። «እጅሽ ይባረክ» የሚለውን ምርቃት አንተወው፤ ግን ከምርቃቱ አስቀድመን እጇ የሠራውን እንቅመሰው።